ቁልቁለት የማያውቅ ጭን

«ዘርህ ነው ወንድሜ። ከጉልበትህ በላይ ያለችውን ቦታ እርሳት።»

ይህን ፍርድ የሰጠኝ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ ጂም አሰልጣኝ ነው፤ የእሱንም የጂሙንም ስም አልጠራም። ሁለት ዓመት ሙሉ ወር ሳላዛንፍ ከፈልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻዬ ላይ ብረት እየጫነ፣ ጉልበቴን ሸብረክ ባደረግሁ ቁጥር «ይበቃል! ውጣ! ውጣ!» ሲለኝ ኖረ። ጭኔ መሃል ለመሃል አበጠ፤ ጉልበት አጠገብ ሲደርስ ግን እንደ ተዘቀዘቀ ጠርሙስ አንገት ቀጥኖ ቀረ። ለምን ብዬ ብጠይቀው ዘሬን አነሳብኝ። ገንዘቤን የበላው ሰው አያት ቅድመ አያቶቼን ጥፋተኛ አድርጎ ራሱን ነጻ አወጣ። እኔም ሞኙ አመንኩት።

ያመንኩት እስከ ፋሲካ ነው።

ለበዓሉ አገሬ ገባሁ። አገሬ መካነ ሰላም ናት፤ የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ ቦረና። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ 2 ሺሕ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ከተማ አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይዘቀዘቅና፣ ወንዙን ተሻግሮ ጎጃም፣ ጉንደወይን ይገባል። ከደጋው ጠርዝ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺሕ ሜትር በላይ ነው። አጎቴ ቆላ ላሉ እህታቸው ሃያ ኪሎ ገብስ ሊያደርሱ በእግር ሲነሱ «ጋሼ፣ ልከተልዎት» አልኳቸው። ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሰው ናቸው። ጭናቸው ከእኔ ክንድ ቢበልጥ በጥቂት ነው።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳንወርድ ጭኔ እንደ ወንፊት ይርገፈገፍ ጀመር። ገብሱን የተሸከሙት እሳቸው፣ የሚንቀጠቀጠው ባዶ እጁን የሚሄደው እኔ! ዘወር ብለው አዩኝና ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «አብሽር፣ ዳገቱ ላይ ይሻልሃል» አሉኝ። እውነትም ስንመለስ ዳገቱን ከእሳቸው እኩል ወጣሁት። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። በርጩማ ላይ ለመቀመጥ ግድግዳ ያዝኩ፤ ጓሮ ያለው ሽንት ቤት ውስጥ ምን እንደ ሆንኩ ለአንባቢ ክብር ስል እተወዋለሁ። መቶ ኪሎ በትከሻው የሚሸከም ጎረምሳ ቁጢጥ ማለት አቃተው። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የተለማመድኩት ዳገት ብቻ ኖሯል።

ንዴቴ ከዚህ ይጀምራል። ብረት ሲነሳ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ብረት ሲወርድ ደግሞ ክብደቱን እንደያዘ፣ እየተጎተተና እየረዘመ ይሠራል። ሁለቱም ሥራ ነው። አሰልጣኞቻችን ግን ማንሳቱን ሥራ፣ ማውረዱን እረፍት አድርገው ያስተምራሉ። አንዱ የከተማ ጂም ግቡና ጆሮ ስጡ፤ ቷ! ቷ! ብረት ወለል ላይ ሲወረወር ትሰማላችሁ። ወርውሮ «ኡፍ» የሚለው ልጅ የከፈለበትን ግማሽ አብሮ መወርወሩን የሚነግረው የለም።

እ.ኤ.አ. በ2014 ማርቲኖ ፍራንኪና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር፣ ኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። 12 ወጣት ወንዶችን ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ ለ10 ሳምንት በእግራቸው ክብደት መግፋት ብቻ፣ ግማሾቹ የመጣባቸውን ክብደት ይዘው ቀስ አድርገው መመለስ ብቻ። ከዚያ የጭናቸውን ውጨኛ ጡንቻ ለኩ። ጠቅላላ መጠኑ ብዙም አልተለያየም፤ የገፊዎቹ 8 ከመቶ፣ የመላሾቹ 6 ከመቶ ጨመረ። እዚህ ላይ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው «ያው ነው» ብሎ ይሄዳል። የት ቦታ ላይ እንዳደገ ያየ ሰው ግን አይሄድም። የገፊዎቹ ጡንቻ መሃሉ ላይ 11 ከመቶ ሲያድግ፣ ወደ ጉልበት ባለው ጫፍ 2 ከመቶ ብቻ ሆነ። የመላሾቹ መሃሉ ላይ 7፣ ጫፉ ላይ 8።

ሁለት እና ስምንት! በደሜ የወረስኩት ነው የተባለው የጠርሙስ አንገት፣ በሌላ አገር ሰው ጭን ላይ ተለክቶ፣ በቁጥር ተጽፎ አገኘሁት።

እንዴት ይሆናል የሚል ሰው የገብስ ዛላ ይያዝ። የገብስ ፍሬ አገዳው ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ዘመም ብሎ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ነው የሚሰካው። የጭን ውጨኛ ጡንቻ ክሮችም እንደዚያ ናቸው። ከዳሌ እስከ ጉልበት እንደ ገመድ አልተወጠሩም፤ ዘመም እያሉ ጅማት ላይ ተሰክተዋል። መግፋት ብቻ ሲሠሩ የኖሩት ክሮች ወፍረው እርስ በርስ እየተገፋፉ ከአገዳው ራቅ ራቅ አሉ፤ የዝንባሌያቸው ማዕዘን በ30 ከመቶ ሰፋ። የመላሾቹ በ5 ከመቶ ብቻ። በርዝመት በኩል ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የመላሾቹ ክር 12 ከመቶ ረዘመ፣ የገፊዎቹ 5። ክር የሚረዝመው ሳርኮሜር የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎቹ ጫፍ ለጫፍ እየተቀጣጠሉ ሲበዙ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ አንዱ ዛላ ጎኑን አስፍቶ ወፈረ፣ ሌላው ፍሬውን አስረዘመ። ሚዛን ላይ ብታወጧቸው ተቀራራቢ ናቸው፤ እጅ ላይ ሲያዙ ግን ሁለት ዓይነት ገብስ ናቸው።

እውነቱን ላለመሸራረፍ፣ ጥናቱ ትንሽ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ለወሎ ሠርግ አጃቢ እንኳ አይሞላም። መላሾቹ የያዙት ክብደትም ከገፊዎቹ ይበልጥ ነበር፤ ጡንቻ ማንሳት ከሚችለው በላይ የሆነውን ይዞ ማውረድ ስለሚችል። ግን ፍራንኪ ብቻውን አይደለም። ማርኮ ናሪቺ የጭን ጡንቻ ከላይ እስከ ታች እኩል እንደማያድግ ማሳየት የጀመረው ገና እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ጃፓናዊው ታኩ ዋካሃራ በ2012 የክንድን የኋላ ጡንቻ ይዞ ተነሳ፤ ከአንድ ልምምድ በኋላ በኤምአርአይ ይበልጥ ሲሠራ የታየው ክፍል፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ይበልጥ ያደገው ክፍል ሆኖ ተገኘ። ጡንቻ እርሾ ስለገባበት ብቻ ዙሪያውን እኩል የሚነፋ ድፎ ዳቦ አይደለም። ይህ አርባ ዓመት ሊሞላው የቀረበ እውቀት ነው። አሰልጣኝ ተብሎ ደሞዝ የሚበላ ሰው ይህን ሳይሰማ «ዘርህ ነው» ሲል፣ እኔ ስንፍና እንጂ ሌላ ስም አላገኝለትም።

ደግሞስ ማውረድ ሥራ መሆኑን ለወሎ ሰው ማስተማር ያስፈልግ ነበር? አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 7 ቶን የሚጠጋውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ እስኪያደርሱት ወራት ፈጅቷል። በመንገዱ ላይ የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ተጋድመዋል። በልጅነቴ የሰማሁት ሁሉ መድፉን ሽቅብ ስለ ጎተቱት ነው። ወደ ገደል ልንደርደር የሚል 7 ቶን ብረት ከኋላ ጠፍሮ ይዞ፣ ተረከዝ ተክሎ፣ ስንዝር በስንዝር ስላወረደው ሰው የነገረኝ የለም። በሽሎ ላይ ያ ሰው ገመዱን እንደ እኛ የጂም ጎረምሶች «ኡፍ» ብሎ ቢለቀው ኖሮ፣ መድፉ ዛሬ መቅደላ አምባ ላይ ሳይሆን ወንዝ ውስጥ ነበር።

ሌላውም የናቅነው ነገር አለ። የቦስተን ማራቶን መጀመሪያው ቁልቁለት ይበዛዋል፤ ሯጩን ኋላ ኮረብታዎቹ ላይ የሚገለው ያ መጀመሪያ ላይ የቀለለው ቁልቁለት ጭኑን ስለሚቀጠቅጠው ነው። ሌሊሳ ዴሲሳ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2015 አሸነፈበት፤ በ2016 በወንዶች ለሚ ብርሃኑ፣ በሴቶች አፀደ ባይሳ። የደጋ ልጆች ናቸው ብለን ሳንባቸውን እናወድሳለን። ጭናቸውንስ? ቁልቁለት አንዴ የቀጠቀጠው ጡንቻ ለሚቀጥለው ራሱን ያዘጋጃል፤ ሁለተኛው ቁልቁለት እንደ መጀመሪያው አያምም። አጎቴ በማግስቱ ማረሻቸውን ሲያስተካክሉ እኔ ግድግዳ ተደግፌ የዋልኩት በዚህ ነው። ሕመሙ ራሱ ግን የእድገት ምልክት አይደለም፤ «ካላመመህ አልሠራህም» የሚለው መፈክርም ከዚያው ከስንፍና ጓዳ የወጣ ነው።

በዚያው ሰሞን የሰፈራችን ልጆች የሠሩትን ጂም ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። የቀለም ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቧንቧ ብረት ጫፍና ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ከግንድ አግዳሚ ሠርተው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነው ያከበርኳቸው፤ ድሃ ነን ብለው አልተቀመጡም። ግን ጉዳቸውን ላውራ፦ ስልካቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ደረትና ክንድ ብቻ ይሠራሉ። ከጀርባቸው ያለው መሬት ወደ ዓባይ ይወርዳል። አገሩ በነጻ የሰጣቸውን ትልቁን የማውረጃ መሣሪያ ጀርባ ሰጥተው፣ ሌላ አህጉር ያለ ሰው በመስታወት ፊት የሚነፋውን ባይሴፕስ ያሳድዳሉ።

አንዱ ግን ሱሪውን ሰብስቦ ቀጭን እግሩን አሳየኝ። «ወንድም ጋሼ፣ ባቴ ለምን እምቢ አለኝ?» እንዴት እንደሚሠራ ጠየቅሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ የሲሚንቶ ጣሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ተረከዙን ያነሳል ይጥላል። ማን አስተማረህ? «ኮች።» ኮች ማለት ከደሴ አልፎ አልፎ የሚመጣ ሰው ነው።

የዚህን ልጅ ባት የቀማውን ስህተት ልናገር። ጎልቶ የሚታየው የባት ጡንቻ የሚጀምረው ከጉልበት በላይ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ላይኛው ጫፉ ወደ ታችኛው ይቀርባል፤ ጡንቻው እንደ ላላ የአህያ መጫኛ ይሆናል። የላላ መጫኛ ጭነት አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የጃፓኖች ጥናት፣ ያው ሰው አንድ እግሩን ቆሞ፣ ሌላውን ተቀምጦ 12 ሳምንት እንዲሠራ አደረገ። ቆሞ የሠራው እግር ውጨኛ ባት 12.4 ከመቶ፣ ውስጠኛው 9.2 ከመቶ አደገ። ተቀምጦ የሠራው? 1.7 እና 0.6። ማለት ምንም። በዚያው ዓመት ብራዚል ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ የተሠራው ደግሞ ይብሳል፤ ተረከዛቸው ወደታች ዝቅ በሚልበት፣ ባት በሚወጠርበት ግማሽ ላይ ብቻ የሠሩት ውስጠኛ ባታቸው 15.2 ከመቶ ሲያድግ፣ ከታች እስከ ላይ የሠሩት 6.7፣ ላይኛውን ግማሽ ብቻ የሠሩት 3.4 አገኙ። ልጁን ይዤ ወጣሁና የቤቱ መሠረት ድንጋይ ጠርዝ ላይ በእግሩ ጣቶች አቆምኩት። «አሁን ተረከዝህን አውርድ። ገና። ገና። ባትህ ‹ተው› እስኪልህ።» አንድ ደቂቃ ሳይሞላ «ወላሂ አሁን ገባኝ» አለ። ድንጋዩ ምንም አላስከፈለውም።

ነገሩም እዚያው ነው ያለው። ማውረድ በብልቃጥ አይሸጥም። የፕሮቲን ዱቄት ይሸጣል፤ መርፌውም በጓሮ በር ይሸጣል፤ ወንድ ልጅ ወንድነቱን የሚያመነጨውን እጢ የሚያሰንፍ መርፌ፣ ቪታሚን ነው እየተባለ። እስከ አራት እየቆጠሩ ማውረድን ግን ማን ያስተዋውቀዋል? ትርፍ የለውማ!

ወደ ስኳት፣ ብረት በትከሻ ይዞ ቁጢጥ ብሎ ወደ መነሳቱ ልመለስ፤ አሰልጣኜንም ያለ ጥፋቱ አልከሰውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ኩቦና ባልደረቦቹ በጥልቀት የሚወርዱትንና ግማሽ መንገድ የሚወርዱትን ለ10 ሳምንት አወዳደሩ። የጭን ፊት ጠቅላላ እድገት ተቀራራቢ ሆነ፤ 4.9 እና 4.6 ከመቶ። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ወራጆቹ አልተጎዱም። መቀመጫ ላይ ግን 6.7 ለ2.2፣ ውስጠኛው ጭን ላይ 6.2 ለ2.7። የእኔ አሰልጣኝ ደግሞ ግማሹን እንኳ አላስወረደኝም፤ ሩብ ነው። ከሁሉ የገረመኝ፣ ከጭን ፊት መሃል ለመሃል የሚወርደው፣ ከዳሌ ተነስቶ ጉልበትን የሚሻገረው ጡንቻ በሁለቱም ስኳት ንቅንቅ አለማለቱ ነው። ቁጭ ስንል ጉልበት በኩል ሲወጠር ዳሌ በኩል ይላላል፤ ከአንድ ኪስ አውጥቶ ሌላ ኪስ እንደ መክተት። እንግዲህ «ስኳት የሁሉም ንጉሥ ነው» እያሉ ሌላውን ሁሉ ያስተዉን የት ይግቡ? የጭን ጀርባም እንዲሁ ነው፤ ተቀምጦ፣ ጡንቻው ተወጥሮ ሲሠራ፣ ተኝቶ ከመሥራት ይበልጥ ያድጋል፤ በ2021 የወጣው የማኤኦ ጥናት 14 ለ9 ከመቶ ነው ያለው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎራ። ይህን የሚያነብ አንድ ወገኔ «ይኸው! የገጠር ሰው ጂም አያስፈልገውም፣ ተፈጥሮ አሠልጥናዋለች» ብሎ ሊያጨበጭብ ተዘጋጅቷል። እጅህን አውርድ። አጎቴ ቁልቁለቱን አሸነፉት እንጂ ጭናቸው ቀጭን ነው። ጡንቻ የሚወፍረው ሸክሙ እያደር ሲጨምርና ማዕዱ ሲተርፍ ነው፤ የአጎቴ ሸክም ሃምሳ ዓመት ያው ሸክም ነው፣ ማዕዳቸውም ያው በሶና ባቄላ። የሚበሉትን ቁልቁለቱና ዳገቱ ተካፍለው ይወስዱታል። ከጫካ ጭራሮ ተሸክማ ጎብጣ የምትወርደውን ሴት «የወሎ ሴት ብርቱ ናት» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ጀርባዋ ያደገው ሸክሙ ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው፤ አንገቷና ወገቧ ደግሞ አልቋል። ብርታቷን የሚያደንቅላት ሁሉ ለምን አንድ አህያ አይገዛላትም?

አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መካነ ሰላም ላይ ካምፓስ አለው። ነፍሰ ጡር የምትታይበት አልትራሳውንድ የጡንቻን ውፍረትና የክሩን ርዝመትም ያሳያል። ኦስትሪያ ውስጥ ሐኪሞች ሰዎችን በእግር ተራራ እያስወረዱ በኬብል እያወጡ፣ ሌሎቹን ደግሞ በተቃራኒው እያደረጉ፣ መውረድ ብቻውን ሰውነት ስኳርን የሚይዝበትን መንገድ እንደሚያሻሽል አይተዋል። እኛ ኬብል የለንም፤ ወደ ጎጃም የሚወርድና የሚመለስ ሚኒባስ ግን አለን። ሃያ አራት ተማሪ፣ አንድ ገደል፣ አሥር ሳምንት። ግማሾቹ በእግር ይውረዱና በመኪና ይውጡ፤ ግማሾቹ በመኪና ይውረዱና በእግር ይውጡ። ይህን ለመሥራት የምንጠብቀው ፈረንጅ ማን ነው?

ለአሰልጣኜ ደግሞ የግል መልእክት አለኝ። አሁን እስከ አራት እየቆጠርኩ፣ ተረከዜ ሳይነሳ፣ እስከ ታች ነው የምወርደው፤ በመቶ ኪሎ ሳይሆን በስልሳ። ጠርሙሱ ፈጽሞ አልጠፋም፣ አንገቱ ግን ወፍሯል። ዘሬን የሰደብክበትን ዕዳ በገንዘብ አልጠይቅህም። አንድ ቅዳሜ ማለዳ መካነ ሰላም ና። አጎቴ ገብሳቸውን ይሸከማሉ፣ አንተ ባዶ እጅህን ትከተላቸዋለህ፣ ወንዙ ዳር ስትደርሱ ሻይ እኔ እጋብዛለሁ። ከዚያ በሚኒባስ እናወጣሃለን፤ ዳገቱን በእግርህ ውጣ አንልህም። እሁድ ጠዋት ግን ያረፍክበት ሆቴል ደረጃ ስር ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ያረፍከው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም።